ከመዳህ እስከ መራመድ፦ የሕፃናትን የዕለት ተዕለት እድገት መዝግቦ ለቤተሰብ የማካፈያ መመሪያ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ለሚኖሩ፣ ልጃቸው 9 ወር ሞልቶት ወደ 18 ወር እየተጠጋ ላለ ወላጆች የተዘጋጀ ነው። በእነዚህ ወራት ሕፃኑ ከመዳህ ወደ መቆም፣ ከመቆም ወደ ድክ ድክ ማለት፣ ከማጉረምረም ወደ ቃል ስለሚሸጋገር፣ ለአያት፣ ለአክስትና ለጎረቤት የሚነገር ወሬ ከቤት አይጠፋም። ወሬው እንዴት ይነገር ለሚለው ጥያቄ የዚህ ጽሑፍ መልስ አጭር ነው፤ ልጁ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ሳይሆን በዚያ ቀን ምን እንዳደረገ ይነገር። «በጣም ጎብዟል» የሚለው ቃል ለጊዜው ያስደስታል እንጂ ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው ነገር የለም። «ዛሬ የሶፋውን ጠርዝ ለቅቆ እስከ ስድስት ስንቆጥር ቆመ» የሚለው ግን አያትን ያስደስታል፣ ለጤና ባለሙያም መረጃ ይሆናል፣ የጎረቤትን ልጅ ዝቅ ለማድረግም አይመችም።

ደረጃ 1፦ ደብተር ማዘጋጀትና ዕድሜን በትክክል መቁጠር

ባለ 50 ሉክ ተራ ደብተር ይበቃል። ከክትባት ካርዱ ጋር በአንድ ፌስታል ቢቀመጥ ከክረምቱ እርጥበት ይጠበቃል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድም ሁለቱ አብረው ይወጣሉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የልደት ቀኑን፣ ሲወለድ የነበረውን ክብደትና በስንተኛው የእርግዝና ሳምንት እንደተወለደ ይጻፉ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሆኖም ከ37 ሳምንት በፊት ለተወለደ ሕፃን ዋናው ነገር እርሱ ነው። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ዓመት ሲሞላው እድገቱ የሚታየው እንደ 10 ወር ልጅ ተቆጥሮ ነው፤ ይህም አቆጣጠር እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ይቀጥላል።

ዕድሜን ለመቁጠር የኛ አቆጣጠር ቀላል ነው፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነውና። ለምሳሌ ጥቅምት 12 ቀን 2017 የተወለደ ሕፃን ነሐሴ 12 ቀን 2017 ልክ 10 ወር ይሞላዋል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጳጉሜን ሲገባ ነው፤ ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ድረስ 35 ቀን ስላለ፣ አምስቱን ቀን ከ11ኛው ወር ጋር ደምሮ ማለፍ ይቻላል። ስልክ ግን የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2017 የተነሳ ፎቶ በስልኩ ውስጥ ኦገስት 26 ቀን 2025 ተብሎ ይቀመጣል፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት የሆነውንም 11 ሰዓት ይለዋል። ስለዚህ የስልኩን ቀን አምኖ «በኋላ እናሰላዋለን» ከማለት፣ በዚያው ዕለት በኛ አቆጣጠር ደብተር ላይ ማስፈር ይሻላል። እናት በአንዱ፣ አባት በሌላው አቆጣጠር ሲጽፉ የሚፈጠረው ግራ መጋባት ቀላል አይደለም።

ደረጃ 2፦ «ቆመ»፣ «ሄደ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መስማማት

አንዱ ወላጅ «ልጃችን ሄደ» ሲል ሁለት ጊዜ ተራምዶ አያቱ ጉልበት ላይ የወደቀውን ልጅ ማለቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን። በእናቶች መካከል ለሚፈጠረው አብዛኛው ጭንቀት መነሻው ይህ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2006 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ጥናት ለእያንዳንዱ ምልክት ግልጽ መለኪያ አስቀምጧል፤ ቤት ውስጥ ልንጠቀምበት የማንችልበት ምክንያት የለም።

በእጅና በጉልበት መዳህ የሚባለው ሆዱ መሬት ሳይነካ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወደፊት ሲገፋ ነው። ብቻውን ቆመ የሚባለው ምንም ሳይዝና ሳይደገፍ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ሲቆም ነው። ብቻውን ሄደ የሚባለው ደግሞ ሰውም ሆነ ዕቃ ሳይይዝ ቢያንስ አምስት እርምጃ ሲራመድ ነው። በዚያ ጥናት ጤናማ ሕፃናት በእጅና በጉልበት የዳሁት ከ5.2 እስከ 13.5 ወር፣ እየተደገፉ የሄዱት ከ5.9 እስከ 13.7 ወር፣ ብቻቸውን የቆሙት ከ6.9 እስከ 16.9 ወር፣ ብቻቸውን የሄዱት ደግሞ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። ብቻውን መራመድን ብቻ ብንወስድ፣ በፈጠነውና በዘገየው ልጅ መካከል ከዘጠኝ ወር በላይ ልዩነት እያለ ሁለቱም ደህና ናቸው። ከመቶ አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበት ሳይድሁ በሌላ መንገድ አልፈው ቆመዋል፤ በቂጡ እየተጎተተ የሚሄድ ልጅ ያለው ቤት ይህን ቢያውቅ ብዙ ይቀለዋል።

እነዚህን ቁጥሮች በደብተሩ የውስጥ ሽፋን ላይ ይገልብጧቸው። ለዘመድ የሚላኩ ግን አይደሉም።

ደረጃ 3፦ በዚያው ዕለት መጻፍ

አንድ ማስታወሻ ከአምስት መስመር መብለጥ የለበትም። ቀኑ፣ ዕድሜው፣ ያደረገው ነገር፣ ምን ይዞ ወይም ማን አጠገቡ ሆኖ እንዳደረገው፣ ከዚያ ምን እንደተከተለ ይጻፍ። ለምሳሌ፦

«ነሐሴ 20 ቀን 2017፣ ማክሰኞ ረፋድ። 10 ወር ከ8 ቀን። ዝናብ ስለነበር ቤት ውለናል። የሶፋውን ጠርዝ ይዞ ቆሞ ሳለ የውሃ ጠርሙስ ክዳን አይቶ ሁለት እጁን ሰደደ። አያቱ «ወፌ ቆመች!» እያሉ ሲያጨበጭቡ እስከ ስድስት ቆጠርን። ከዚያ በቂጡ ቁጭ አለ፤ አላለቀሰም። ከሰዓት በኋላ ብንሞክረው እምቢ አለ።»

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ «ብቻውን ቆመ» የሚል ቃል የለም፤ እስከ ስድስት መቆጠሩ ብቻ ተጽፏል፤ መለኪያው አስር ነውና። ልጁ እጁን የለቀቀው ሰው ስላበረታታው ሳይሆን ክዳኑን ስለፈለገ መሆኑም ተይዟል፤ በማግስቱ ምን ቢቀርብለት እንደሚቆም ወላጆቹ ከዚህ ያውቃሉ። የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። ሕፃን አንድ ነገር አድርጎ ለሳምንት ሊተወው ይችላል፤ እምቢታው ካልተጻፈ፣ ዘመድ «ዛሬስ ስንት ጊዜ ቆመ?» ብሎ ሲጠይቅ ወላጅ የሌለውን መጨመር ይጀምራል።

በየቀኑ መጻፍ ግዴታ አይደለም። አዲስ ነገር ሲታይ መጻፍ በቂ ነው፤ አዲስ ነገር ሳይታይ ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ «እንደነበረ ነው» ብሎ ከነቀኑ ማስፈር ይጠቅማል።

ደረጃ 4፦ ምልክቱ የሚታይበትን ቦታ ማመቻቸት

ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ ታዝሎ የሚውል ሕፃን ሙቀትና የእናት ጠረን አይጎድልበትም፤ የሚጎድለው መሬት ነው። በቀን ውስጥ ደጋግሞ ሰሌን ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ተነጥፎ፣ በባዶ እግሩ፣ ዝቅ ያለና የማይንቀሳቀስ መደገፊያ አጠገብ ይለቀቅ። በተለምዶ ዎከር የሚባለው ባለጎማ መቀመጫ አይመከርም፤ መራመድን አያፋጥንም፤ ልጁን በቅጽበት ወደ ደረጃና ወደ እሳት ያደርሰዋል። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ሽያጩን ከልክላለች።

መቆም የጀመረ ልጅ እጁ የሚደርስበት ከፍታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይቀየራል። የረከቦቱ ጨርቅ፣ የጀበናው እጀታ፣ የከሰል ማንደጃው፣ ውሃ ያለበት ባልዲ ሁሉ በዚያ ከፍታ ላይ ናቸው። ሕፃን በጥቂት ውሃ ውስጥ በፊቱ ቢደፋ ሊሰጥም ስለሚችል ባልዲው ይደፋ ወይም ይከደን። በጣና ዳርቻ የሚውሉ ቤተሰቦች ደግሞ ልጁን ደረቁ ሣር ላይ ድክ ድክ ያሰኙት እንጂ በባሕሩ ዳር ውሃ ውስጥ አያቁሙት፤ ውሃው ጥልቅ ባይሆንም ቢልሃርዚያ አለና።

ከሁሉ ይልቅ ግን ቆሎ ይታሰብ። ከ9 ወር በኋላ ሕፃኑ ትንሽ ነገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ማንሳት ይጀምራል፤ ይህ ከመቆም የማያንስ ትልቅ የእድገት ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየውም ቡና ተጠጥቶ ካበቃ በኋላ ነው፤ ልጁ ከሰሌኑ ስንጥቅ አንዲት የገብስ ቆሎ አይቶ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ ጣቱን እያስተካከለ ደጋግሞ ይሞክርና ያነሳታል፤ በቀጥታም ወደ አፉ ይወስዳታል። ቆሎ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ የሕፃን የአየር ቧንቧ ሊዘጉ ይችላሉ። ስለዚህ ችሎታውን ለማየት የተቀቀለ ድንች ፍርፋሪ ወይም ለስላሳ እንጀራ ቆርሰው ያቅርቡለት፤ ቡናው የተጠጣበት ቦታ ደግሞ ልጁ ከመለቀቁ በፊት ይጠረግ።

ደረጃ 5፦ አፍ ሲፈታ ማዳመጥ

ቃል ተብሎ የሚጻፈው ልጁ ለአንድ ነገር ደጋግሞ የሚጠቀምበት ድምፅ ነው፤ አነጋገሩ መስተካከል የለበትም። ዶሮ ባየ ቁጥር «ኩኩ» የሚል ልጅ አንድ ቃል አለው። ድምፁን እርሱ እንዳለው፣ በአጠገቡም ምን ለማለት እንደሆነ ይጻፉ። ከቃል በፊት የሚመጡትም ይመዝገቡ፦ ስሙ ሲጠራ መዞሩ፣ «ቻው» ሲባል እጁን ማወዛወዙ፣ «ተው» ሲባል ለአፍታ መቆሙ፣ የፈለገውን በጣቱ ማመልከቱ። ማመልከት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ልጁ ያየውን ሌላ ሰው እንዲያይለት መፈለጉን ስለሚያሳይ፣ ከመጀመሪያው ቃል ያላነሰ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ከአዊ በኩል የመጡ ወላጆች ባሉበት ቤት ልጁ አንዱን ቃል በአማርኛ፣ ሌላውን በአገውኛ ቢል ሁለቱም ተደምረው ይቆጠራሉ፤ ሁለት ቋንቋ መስማቱ አያዘገየውም።

ደረጃ 6፦ ጥርስን ከበሽታ መለየት

የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ በ6ኛው ወር አካባቢ ይወጣል፤ ዓመት እስኪሞላ የሚቆይባቸው ጤናማ ልጆችም አሉ። የወጣበትን ቀንና ከላይ ወይም ከታች መሆኑን መጻፍ ይበቃል። ጥርስ ማብቀል ልጋግ ያበዛል፣ ድድ ያሳክካል፣ ያነጫንጫል፤ ከፍተኛ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን አያመጣም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ የምትገኝና ወባ ያለባት ከተማ ስለሆነች፣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ብሎ ትኩሳት ያለውን ሕፃን ቤት ማቆየት አደገኛ ነው፤ በዚያው ዕለት ተመርምሮ ደሙ ይታይ። «ግግ አለበት» ተብሎ ድዱን ማስፈልፈልም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ የሚያስከትል ጎጂ ልማድ ነው። በዚህ ጉዳይ ለሽማግሌ ሲባል የሚደረግ ስምምነት ሊኖር አይገባም፤ አክብሮትን ጠብቆ እምቢ ማለት ይቻላል።

ደረጃ 7፦ ፎቶና ቪዲዮ

ስልኩን በልጁ ቁመት ዝቅ አድርገው ይያዙ፤ ብርሃኑ ከበሩ ወይም ከመስኮቱ በኩል በልጁ ፊት ላይ ይረፍ። አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል የሚሆን ቪዲዮ ከረጅሙ ይሻላል፤ መንደር ውስጥ ኢንተርኔት ሲደክም ረጅሙ አይከፈትም። ለሚቀርጽ ሰው አንድ ሕግ አለ፤ ልጁ በሚወድቅበት በኩል ሌላ ሰው ከሌለ ስልኩ ይቀመጥ። ያመለጠውን ለመያዝ ሲባል «እስቲ ድገመው» እያሉ የደከመን ልጅ ማቆምም አይገባም።

ዕርቃኑን ሲታጠብ የተነሳ፣ ታሞ ሲያለቅስ የተነሳ፣ የክትባት ካርዱ ወይም የቤቱ በር ከነቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ከቤት አይውጣ። ቴሌግራም ላይ ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል፣ ከጀርባው ያለው የቦታ መረጃም አብሮ አይሄድም፤ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን ስልኩ የመዘገበው ቦታ ጭምር ሊተላለፍ ይችላል። የስልኩን ካሜራ የቦታ ምዝገባ መዝጋት ነገሩን ከሥሩ ይጨርሰዋል።

ደረጃ 8፦ ለማን፣ እንዴት እንደሚነገር

ዜናውን ከመላክ በፊት ሁለቱ ወላጆች ማን ምን እንደሚያይ ይስማሙ። አያቶች፣ እህትና ወንድም የሚገኙበት ትንሽ የቴሌግራም ቡድን ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። በቡድኑ ቅንብር ውስጥ ይዘት እንዳይቀመጥና ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ የሚከለክለውን ምርጫ ማብራት ይቻላል፤ ቤተሰቡ ለምን እንደተደረገ ቢነገረው ቅሬታ አይፈጠርም። የልጁን ፎቶ ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ መለጠፍን አልደግፍም፤ ልጁ ፈቃዱን የሚሰጥበት ዕድሜ ላይ አይደለምና።

ስማርት ስልክ ለሌላቸው አያት መደወል ከሁሉ ይበልጣል። ደብተሩን ይዘው ያንብቡላቸው፦ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ልጅዎ ዛሬ ሶፋውን ለቆ ቆመ፤ እስከ ስድስት ቆጠርንለት። ድምፅዎን ሲሰማ ስልኩን ሊነጥቀኝ ነው፤ እስቲ ያናግሩት።» እማማም «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ይመርቁታል፤ ምርቃቱ ራሱ ደብተሩ ላይ ሊሰፍር ይገባዋል። ዘጌ ወይም ደቅ ያሉ ዘመዶች ካሉ ፎቶው ታጥቦ፣ ከጀርባው ቀኑ ተጽፎ በጀልባ ከሚሄድ ሰው ጋር ይላካል።

የሰው ዓይን የሚፈሩ አያቶች ዜናው ሲበተን ደስ ላይላቸው ይችላል። ከእነርሱ ጋር ክርክር መግጠም አያስፈልግም፤ የሚጠይቁት የሚያየው ሰው እንዲቀንስ ነው፤ ያ ደግሞ በሌላ ምክንያትም ቢሆን የሚመከር ነው።

አስቸጋሪው ማወዳደር ነው። «የእኔዋ በ10 ወሯ ሄዳለች፤ የአንቺ ገና ነው?» ለሚል ሰው ደብተሩ መልስ አለው፦ «እየተደገፈ ይሄዳል፤ ሰሞኑን ሶፋውን ዞሮ ጨርሷል።» ያለውን መናገር የሌለውን ከማስተባበል ይቀላል። በተቃራኒው ደግሞ ልጇ የዘገየባት ወይም ልጅ ያጣች ዘመድ በቡድኑ ውስጥ ካለች፣ ዜናው ለእርሷ አስቀድሞ ለብቻ፣ በስልክ ይነገራት፤ በሰው ፊት «እልል» እንድትል አትገደድ።

ደረጃ 9፦ ደብተሩን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ

የኩፍኝ ክትባት የመጀመሪያው ዙር በ9ኛው፣ ሁለተኛው በ15ኛው ወር ይሰጣል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ልጁ በዚያ ጊዜ ሮጦ ስለማይያዝ ጤናማ ነው ተብሎ ይታለፋልና፣ ቀኑን ከወዲሁ አስልተው በደብተሩ ላይ ያክብቡት። ቫይታሚን ኤ ከ6ኛው ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ ይሰጣል። በዚያው ቀን ክብደቱና የክንዱ ዙሪያ እንዲለካ ይጠይቁ፤ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል፣ ከ11.5 በታች ከሆነ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ቀጠሮ ሳይጠበቅ የሚኬድባቸው ምልክቶችም አሉ። ከሁሉ በላይ አሳሳቢው በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ይችለው የነበረውን መተው ነው፤ «እማ» ይል የነበረ ልጅ ዝም ካለ፣ ይቆም የነበረ ካቃተው ማለት ነው። ከ9 ወር በኋላ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ ዓመት ሞልቶት ተደግፎም የማይቆም፣ ስሙ ሲጠራ ወይም ከኋላው ድምፅ ሲሰማ የማይዞር፣ ከዓመቱ በፊት አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀም፣ 18 ወር ሞልቶት የማይራመድ ልጅ ይታይ። ለባለሙያዋ «ዘግይቷል» ከማለት ይልቅ ገጹን ገልጠው ያሳዩ፤ ቀኑንና ሁኔታውን ስታይ የምትጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል፤ ወደ ሆስፒታል መላክ ካለበትም የምትጽፈው ወረቀት የተሟላ ይሆናል። ያለችውን በዚያው ገጽ ላይ፣ እዚያው ተቀምጠው ሳሉ ይጻፉ፤ ቀጣዩ ቀጠሮም ከሥሩ ይስፈር።